የጋሽ ዓባይነህ ግራና ቀኝ እግር

በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ማስታወቂያ ሲጀምር፣ ጋሽ ዓባይነህ እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን ይቀንሳሉ። አያጠፉትም። ቃል በቃል ለመስማት በሚበቃ ልክ ዝቅ ያደርጉትና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ እስኪያልቅ ድረስ በንቀት ያዳምጣሉ።

ማስታወቂያ የማይነካው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ይህ ሰው ጎረቤቱ እንደሚታለል፣ ሚስቱ እንደምትታለል፣ ሕዝቡም በጅምላ እንደሚታለል ያውቃል፤ እሱ ብቻ ተርፏል። ጂንካ ውስጥ እንዲህ ያሉ የተረፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ተሰብስበው ሊቀ መንበር ይምረጡ ቢባል ግን ወንበሩ ያለ ተቃውሞ የአከራዬ ነው። ጋሽ ዓባይነህ ሠላሳ ዓመት በግብርና ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ በመምህርነት ተመድቤ መጥቼ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ከተከራየሁ አራት ዓመቴ ሲሆን፣ «እኔን ማስታወቂያ አያገኘኝም!» ሲሉ ያልሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤታቸው ሲገባ ግን ሌላ ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓይነት የዱቄት ሳሙና፣ ትንኝ የሚገድል ራኬት፣ ሬዲዮም ባትሪም የሆነ የፀሐይ መብራት፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ የጁስ መጭመቂያ ተደርድሯል። ሁሉም በሬዲዮ የተነገረላቸው ናቸው። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የዋህ ነበርኩና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን ገዙት?»

«ለምርመራ ነዋ! ሳትመረምር እንዴት ውሸት ነው ትላለህ?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። «ምርመራው አልቆ ፍርድ የተሰጠው አንድም የለም፣ ልጄ» አሉ። «ተከሳሹ ሁሉ እዚሁ ታስሮ ቀረ።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን የሚተርኩት የቆየ ታሪክም አለ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ነጋዴ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጥቶ፣ መላጣ ላይ ፀጉር ያበቅላል የሚባል ቅባት ገበያው መሐል ሲሸጥ ረጅም ሰልፍ ተሠራ። ክቡርነታቸው ጋሽ ዓባይነህ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ሄደው ከሰልፉ ፊት ቆሙ። ከፊት ስለቆሙም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብልቃጦች የገዙት እሳቸው ሆኑ። ያን ጊዜ ገና ሙሉ ፀጉር ነበራቸው።

እንዲህ ስል ጋሽ ዓባይነህ የሚሳቅባቸው ሰው ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአሪ ደጋ እስከ በና ቆላ በእግራቸው ዞረዋል። ይህን ዘር ዝሩ፣ ያን ተዉት ሲሉ ገበሬው ሰምቷቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም አልተሳሳቱም። ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት ደግሞ በበረባሶ ነው፤ ጫማ ሠሪው ሙሉቀን ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ እየቆረጠ በሚሠራው ጫማ። ሙሉቀን ገበያው ጥግ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲቆርጥ ሲመታ ይውላል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አልዱባ ገበያ ወርዶ፣ የግራር እሾህ ላይ ከብት ለሚነዱ ሰዎች ይሸጣል። ሦስት ልጆች ያሳደገው በዚህ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ባጃጅ ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ጂንካን መዞር ጀመረ። «ሎጋው ጫማ! ሎጋውን ያድርጉ፣ እግርዎ ይስቃል!» ይላል ከጧት እስከ ማታ። ሎጋው ማለት ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ያለው፣ ሲይዙት እንደ ላባ የሚቀል የፕላስቲክ ሰንደል ነው። ጋሽ ዓባይነህ በር ላይ ቆመው፣ «እግር ይስቃል? ጥርስ አለው እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊውን አድርገው ከቤት ወጡ።

«ጋሼ!» አልኩ።

«ምርመራ» አሉና አለፉኝ።

ምርመራው ተራዘመ። በሎጋው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፣ በሎጋው ለቅሶ ደረሱ፣ ለዘመድ ጉዳይ አልዱባ ወርደውም ገበያውን ከዳር እስከ ዳር በሎጋው አቋረጡት።

ሰኔ ሲገባ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ሙሉቀን መጣ። ቢላውን፣ ጉጠቱንና መዶሻውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዟል። ቁጭ በል ቢሉት እንቢ አለ።

«ጋሼ፣ ይችን ዕቃ ያስቀምጡልኝ። ቤት ካለች ልጆቹ ይጫወቱባታል።»

«ወዴት ነው አንተ?»

«ሃና ከተማ። ዘበኝነት አገኘሁ። ረቡዕ አንድ መኪና ይሄዳል አሉ፤ እሱ ካመለጠኝ ሌላው መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም።»

«ሚስትህስ? ልጆቹስ?»

«እነሱ እዚሁ ናቸው። በረባሶ የሚገዛኝ ጠፋ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ዓባይነህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አላልኩም? ሞንታርቦው ነው የበላህ! ይሄ ሕዝብ የጮኸለትን ሁሉ ይገዛል!»

ሙሉቀን ቁልቁል አየ። የሚያየው የጋሽ ዓባይነህን እግር ነበር።

«ሞንታርቦውማ ሦስት ሳምንት ሲጮህ አንድ ደንበኛ አልቀነሰብኝም» አለ። «የበና ሰው በጆሮው ጫማ አይገዛም፤ የሰው እግር አይቶ ነው። ገበያዬ የቆመው እርስዎ ያንን አድርገው አልዱባ የታዩ ዕለት ነው። 'ዓባይነህ እንኳ አድርጎታል' ይሉኛል። ምን ልመልስ?»

«እኔ እኮ ለምርመራ…»

«እግርዎ ላይ ምርመራ ተብሎ አልተጻፈም፣ ጋሼ።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ጓዳ ገብተው ከአልጋ ሥር አሮጌውን በረባሶ አወጡና አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ባለቤታቸው ፊት አስቀመጡት። ጋሽ ዓባይነህ አንሥተው ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«እስከ ማክሰኞ ቆይልኝ» አሉ በመጨረሻ። «መኪናው ረቡዕ ነው አላልክም?»

ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ስለተዘጋ እኔም አብሬ ወረድኩ። ጋሽ ዓባይነህ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ሰው ሁሉ ወደ ታች አየ። በግራ እግራቸው ሰማያዊ ሎጋው፣ በቀኝ እግራቸው በረባሶ አድርገዋል።

«ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ነው ያደረጉት?» አለ ረዳቱ።

«ተሳፋሪ ጫን፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አሉት።

አልዱባ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ጋሽ ዓባይነህ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ለጉብኝት እንደመጣ ባለሥልጣን በቀስታ መሐል ለመሐል ሄዱ። ሙሉቀን በረባሶ የሞሉ ሁለት ማዳበሪያዎች ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፤ ፊቱ ላይ ተስፋ አይታይም። ሰዎች መከተል ጀመሩ። ኤሊ የሚባለው የበናው ሽማግሌ ከእንጨት በተጠረበች ትንሽ መቀመጫው፣ በርኮታው ላይ እንደተቀመጠ አያቸው። ሁለቱ የሚተዋወቁት ጋሽ ዓባይነህ የበቆሎ ዘር ካከፋፈሉበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

«ዓባይነህ፣ ሚስትህ አባረረችህ?»

«አላባረረችኝም። የትኛው ጫማ እንደሚሻል ላሳያችሁ መጥቼ ነው።»

«በወሬ ታሳያለህ?»

ኤሊ ተነሣ፤ ከከብት አጥሩ አንድ የግራር ቅርንጫፍ መዝዞ መሬት ላይ አጋደመው። እሾሁ እንደ ጣት ይረዝማል።

«እዚህ ቁም። መጀመሪያ በሚስቀው።»

ጋሽ ዓባይነህ ቅርንጫፉን አዩ፤ ሙሉቀንን አዩ። ከዚያ በግራ እግራቸው ቆሙ፤ ጩኸታቸውም እስከ ፍየል ተራ ድረስ ተሰማ።

«ሳቀ?» አለ ኤሊ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዓባይነህ ግን አልወረዱም። ግራቸውን ነቅለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ቀኙን በሙሉ ክብደታቸው አሳረፉት። በረባሶው ምንም አልሆነም። ኤሊ አስቀመጣቸውና ከወገቡ ወረንጦ አውጥቶ እሾሁን ከሥጋቸው ነቀለ። እሳቸውም እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ምክር በሰጡበት ድምፅ ሳይሆን ከዚያ በጣም ባነሰ ድምፅ ተናገሩ።

«ስሙኝ። እኔ ይሄን ያደረግሁት ስለሚሻል አልነበረም። ባጃጁ ሲደጋግምብኝ ልቤን ወሰደው። ማስታወቂያ አግኝቶኛል። እናንተ ደግሞ እኔን አይታችሁ ገዛችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኤሊ ይህን አማርኛ ለማያውቁት በቋንቋው ተረጎመው፤ ሲተረጉም ከዋናው በጣም ረዘመ፤ ምን እንደጨመረበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የማውቀው ሙሉቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ጥንድ በረባሶ መሸጡን ነው። ሦስት ወጣቶች ግን ይህን ሁሉ ቆመው አይተው ሲያበቁ፣ ሄደው ቢጫውን ሎጋው ገዙ። «ለጭፈራ ነው፤ ቀለሙ ያምራል» አሉኝ። ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም ማለት ነው፤ እነሱም ትክክል ነበሩ።

ረቡዕ የሃናው መኪና ያለ ሙሉቀን ሄደ። ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቢላውን አስለው ነው የሰጡት። የተበሳው ሎጋው መደርደሪያው ላይ፣ ከጁስ መጭመቂያው አጠገብ ተቀምጧል። ምርመራው አልቆ ፍርድ የተሰጠው የመጀመሪያው ተከሳሽ ነው።

ጋሽ ዓባይነህ ጥቂት ቀን አነከሱ፤ «እኔን ማስታወቂያ አያገኘኝም» ማለቱንም ለአንድ ሳምንት ተዉት። በስምንተኛው ቀን መልሰው ጀመሩ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ናፍቆኝ ነበር። ይህን የምጽፈው አዲስ በረባሶ አድርጌ ነው። እኔ የምሠራው ክፍል ውስጥ ነው፤ እሾህ የለበትም፤ ከብት አልነዳም። ማንም እንድገዛ አልገፋፋኝም። የገዛሁት ለምርመራ ነው።

ነገ ማክሰኞ ነው። ሙሉቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ማዳበሪያ ጭኖ ወደ አልዱባ ይወርዳል፤ ጋሽ ዓባይነህም ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ በሁለቱም እግራቸው በረባሶ አድርገው።