በቁሟ የተለቀሰላት ሠዓሊ

ባለቤቴ በሕይወት እያለች ተለቀሰላት። ያውም በድንኳን።

ነገሩ የሆነው ካዛንቺስ ሳይፈርስ ነው፤ ሰው ለጎረቤቱ ለቅሶ ከዘመድ ቀድሞ በሚደርስበት ጊዜ። ዛሬ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የእውነት ብሞት እንኳ መጀመሪያ የሚያውቀው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ይመስለኛል።

ሠናይት ሠዓሊ ናት። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ወንድ ሠዓሊ ራሱን ሲስል ጢሙን ያሳምራል። እሷና ጓደኞቿ ግን መስታወት ፊት ይቆሙና መስታወቱ የማያሳየውን ይስላሉ፤ አንዷ ጸጉሯን የመብራት ሽቦ አድርጋው አይቻለሁ። «ሰርሪያሊዝም ነው» ይሉኛል። እኔ ቂርቆስ መኪና እያጠብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሕልም፣ የጠገበ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሳትነሳ ሞተችብን። ላልተጠመቀ ሕፃን እድራችን ድንኳን አይተክልም፤ ሰውም «እግዜር ሌላ ይተካ» ብሎ ከበር ይመለሳል። ሠናይት ጡቷ ወተት እንደቋጠረ ወደ ሸራዋ ተመለሰች። አላለቀሰችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ለማልቀስ ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም።

የሳለችው ራሷን ነው። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ደረቷ ላይ ሁለት የቦኖ ቧንቧ በቅሎ ወተት ይፈሳል፤ ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ሁሉም ባዶ።

ሥዕሉን ለኤግዚቢሽን የሚወስደው መኪና ሲዘገይ፣ በር ላይ አውጥቼ ወንበር አስደገፍኩት። አቧራ እንዳይነካው ከአንገት በታች ጥቁር ጨርቅ ጣል አደረግሁበትና መኪናውን ፍለጋ ወደ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ወረድኩ። አያችሁ? በር ላይ፣ ወንበር ላይ፣ የተጨፈነ ፊት፣ ጥቁር ጨርቅ። ካዛንቺስ ሌላ ማብራሪያ አትጠይቅም።

ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ስመለስ የእድሩ ድንኳን ቆሟል። የወሎዋ ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ደረታቸውን ይደቃሉ። «ሠኒዬ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ። ግን ምነው ሳትነግረን?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ እኮ…»

«ዝም በል። ሲያወሩት ይብሳል።»

ይሄኔ ሠናይት፣ ለኤግዚቢሽኑ የገዛችውን ጫማ በካርቶን ይዛ ከደምበል ከች አለች። ከአልቃሾቹ አንዷ ጮኸች። «ሞታ ጫማ ትገዛለች እንዴ ይቺ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ለቅሶው በሳቅ ተተካ። ጋሽ ደምሴ ብቻ ተቆጡ። «በእድር ይቀለዳል? ድንኳኑን ንቀሉት!»

ሠናይት አልሳቀችም። ጨርቁን ከሥዕሉ ላይ ገፈፈችው። እትዬ ዘምዘም ቧንቧውን አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ።

«የልጅቷ ነው?»

«አዎ እትዬ። ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡላት።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ወደ ሠናይት ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ደንቡ እኮ…»

«ጋሼ፣ የእርስዎን ደንብ እኔ የት አውቄው» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው እየተቀመጡ።

ጋሽ ደምሴ ተከትለው ገቡ። ከዚያ እሳቸውም ተቀመጡ። ያኔ ሠናይት አለቀሰች። የመኪናው ሹፌርም ደረሰ፤ ለቅሶ ሲያይ ማን ሞተ ብሎ ሳይጠይቅ ኮፍያውን አውልቆ ዳር ያዘ። እኔ? ወንበር አቀርብ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ያለ እሷ ተከፈተ። ሲመሻሽ ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ተበተነ። እትዬ ዘምዘም፣ ሠናይትና እኔ ቀረን። የማቀርበው ወንበር ስላልነበረ እኔም ተቀመጥኩ።