የፍየሏ ማደሪያና የአንዲቱ እጅጌ ጉዳይ

እሑድ ማርች 12 ቀን 1989፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ የካሽሚር ዕቁብ ኮሚቴ ኦክላንድ፣ ወ/ሮ ሸዋረጋ በተከራዩት ቤት ሳሎን ተሰበሰበ። ዕቁቡ አባላቱ ሁሉ የካሽሚር ሹራብ እንዲለብሱ ታስቦ አንዲት ፍየል የገዛ ነው።

የተገኙ፦ አቶ ገብረክርስቶስ (ሰብሳቢ፤ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የመጡ)፣ ወ/ሮ ሸዋረጋ (ፍየሏን የያዙ)፣ አቶ ታደሰ (ባለታክሲ)፣ አቶ ዘነበ (ከሳንታ ክላራ፣ ዘግይተው)፣ የወርቅውሃ (ጸሐፊ፤ ሳልፈልግ የተመረጥኩ)። ፍየሏ በመስኮት ተከታትላለች።

ምልአተ ጉባኤው ስላልሞላ የተገኘነው ያልተገኙትን ስናማ ቆየን። አቶ ዘነበ ሲገቡ ሐሜቱ ተቋርጦ ስብሰባው ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የፍየሏ ማደሪያ

ወ/ሮ ሸዋረጋ፣ ፍየሏ በየወሩ ዕጣ ለደረሰው እንድትሰጥ ተወስኖ ሳለ ከተገዛች ጀምሮ እርሳቸው ጋ መቅረቷን አስረዱ። «ጋሼ፣ ላንድሎርዱ ኖቲስ ሰጥቶኛል። እስከ ዓርብ ፍየሏ ካልወጣች እኔን ነው የሚያስወጣኝ» አሉ። ሰብሳቢው የጉዳዩን አስቸኳይነት ሙሉ በሙሉ ተቀብለው፣ ስለ ካሽሚር አመጣጥ ገለጻ ጀመሩ።

በገለጻው መሠረት ካሽሚር ስሙን ያገኘው ከህንድ ሰሜን ነው፤ የሞንጎሊያ ፍየሎች ለብርዱ ብለው ከሻካራው ጠጉር ሥር የሚያበቅሉት ለስላሳ ጠጉር ሲሆን፣ ጸደይ ላይ ሲለቅ በማበጠሪያ ይሰበሰባል። አቶ ታደሰ፣ ለብርድ ለብርድ መንዝ እያለ ሞንጎሊያ በምን እንደቀደመች ጠየቁ። ጥያቄያቸው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ አኮረፉ።

ሰብሳቢው ቀጥለው፣ ፍየል ከግጦሹ በላይ ከበዛ ሣሩን ከነሥሩ ጨርሶ አገሩን በረሃ እንደሚያደርግ፣ ስለዚህ የፍየሉ ቁጥር በሣሩ ልክ መሆን እንዳለበት አስገነዘቡ። አቶ ታደሰ ከኩርፊያቸው ተመልሰው፣ «ባክያርዱ ላይ አንድ ሣር የለም። በዚህ ሒሳብ ልኩ ዜሮ ፍየል ነው» አሉ። ገለጻው በዚሁ ተጠናቀቀ።

ዕጣ ወጣ፤ ለአቶ ዘነበ ደረሰ። አቶ ዘነበ አፓርትመንታቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ ካርፔቱም ነጭ መሆኑን ገልጸው፣ ዕጣቸውን ለፈለገ ሰው በነፃ እንደሚለቁ አስታወቁ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ውሰዱልኝ ብሎ ሲለማመጥ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የሚወስድ ሲጠፋ፣ አቶ ዘነበ ለፋሲካ ሌላ መላ አለ ብለው ጀመሩ። ሰብሳቢው በሁዳዴ እንዲህ ያለ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይሰፍር አዘዙ። አልሰፈረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፍየሏ ዛሬውኑ በአቶ ታደሰ ታክሲ ከዚህ ግማሽ ሰዓት በምታስነዳው ዳብሊን አጠገብ ወዳለው የሰብሳቢው ወዳጅ እርሻ እንድትወሰድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ሸዋረጋ እጃቸውን ያወጡት ከሁሉም በኋላ ነው።

አጀንዳ 2፦ የምርት ክፍፍል

ወ/ሮ ሸዋረጋ አበጥረው የሰበሰቡትን በፌስታል አቀረቡ። ሰብሳቢው በእጃቸው መዘን አድርገው ለአንድ እጅጌ ብቻ እንደሚበቃ ስላረጋገጡ፣ አባላት እጅጌዋን በየተራ እንዲለብሱ ተወሰነ። አቶ ታደሰ ሲነዱ በመስኮት በኩል ያለው ክንዳቸው ስለሚበርዳቸው የግራ ካልሆነች ብለው ድርቅ አሉ። ሰብሳቢው የተማረ ሰው የሚሠራው በቀኝ እጁ ነው አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ግራ እንድትሆን ተስማሙ፤ የሰብሳቢው ፊት ግን አልተስማማም።

አጀንዳ 3፦ አፈጻጸም

ኮሚቴው ፍየሏን ለመጫን ወጣ። ሦስቱ ወንዶች ቢገፉም ቢጎትቱም አራት እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ወ/ሮ ሸዋረጋ ታክሲው ውስጥ ገብተው «ሙሽራዬ፣ ነይ» ሲሏት ዘላ ገባችና ራሷን ጭናቸው ላይ ጣል አደረገች። ስም እንዳላት የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

አቶ ታደሰ እንዲወርዱ ቢለምኗቸው ወ/ሮ ሸዋረጋ አልወረዱም። «ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀኝ ሌላ ማን አለኝ? እናንተ እንደሆነ ስብሰባ ከሌለ ኮል እንኳ አታደርጉልኝም» አሉ። አቶ ታደሰ የታክሲውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። እኔም አፈርኩ።

ስለዚህ እጅጌዋን ጨምሮ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ለሁለቱም ግቢ ያለው ቤት እንዲፈለግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚያው ታክሲው አጠገብ ተበተነ። ፍየሏን የሚያስጠጋ ሰው ለመፈለግ የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ አሁን ወ/ሮ ሸዋረጋን የሚያስጠጋ ሰው እየፈለገ ነው።