በሐሰት የመሰከረ ልብ

ፍቅርና ሳል አይደበቁም ይላሉ። ይህን የተናገረው ሰው መቼም ሴት አልነበረም፤ ሴት ብትሆንም ጋምቤላ ጤና ጣቢያ በነርስነት አላገለገለችም። እኔ ሁለቱንም ደብቄአለሁ። መጀመሪያ ሳሉን፣ ቀጥሎ ፍቅሩን። ያተረፍኩትን እነሆ ላውጋችሁ። ባለቤቷ ቢያነብባትስ ብላችሁ አትስጉልኝ፤ እሱ ጋዜጣ የተፈጠረው ዓሣ ለመጠቅለል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ሳሌ አስም ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ አስቀድሞ በስውር የሚጣራው “በዘራቸው ምን አለ?” የሚለው ነው። የእኔ አስም ቢታወቅ ቆማ የምትቀረው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከበታቼ ሁለት እኅቶች ነበሩኝ። ስለዚህ በነርስነት ተመርቄ ወደ ጋምቤላ ስመደብ እናቴ ስማኝ የመከረችኝ ምክር ሌላ አልነበረም፤ “ሲያፍንሽ ጓዳ ግቢ” ነው ያለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ደብቄም መድኃኒት ነበረኝ፤ ኤፌድሪን የምትባል ነጭ ክኒን።

ኤፌድሪን ታማኝ ሠራተኛ ናት፤ አመሏ ግን ክፉ ነው። ሂጂና የሳንባን በር ክፈቺ ብለው ሲልኳት በመንገዷ ያገኘችውን በር ሁሉ ታንኳኳለች። ልብን ታስጋልባለች። የደም ሥሮችን ጭብጥ አድርጋ ታጠባቸዋለች፤ የደም ግፊት ይወጣል፣ ፊት ይገረጣል፣ በዚያ በባሮ ዳር ሙቀት እንኳ እጅ እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል። ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ፊቷ የገረጣ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ አጥታ የምታድር ያላገባች ልጅ ብታዩ ምን ትላላችሁ?

አሥራትም ያንኑ አለ።

አሥራት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ጤና መኮንን ነበር። ጠዋት ክኒኔን ውጬ መርፌ ስቀቅል እሱ ይገባል፤ በእጄ የያዝኩት ሳህን ከነመርፌው መንቀጫቀጭ ይጀምራል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ “አሞሻል እንዴ?” አለኝና የእጄን ትርታ ያዘ። ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ማስተማር ጀመረ። ሰው ሲፈራ ወይም ሲወድ፣ ከኩላሊቱ አናት ላይ ያለች ዕጢ አድሬናሊን ትረጫለች አለኝ፤ ያን ጊዜ ልብ ይሮጣል፣ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎም “እኔን ደግሞ የምትፈሪኝ አይመስለኝም” ሲል ጨመረበት።

ይህ ሰው በሩን አልፎ የገባን በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን መድኃኒት ወስደሃል?” ብሎ ነበር። እኔን አልጠየቀኝም። ተወደድኩ ብሎ ያመነ ወንድ ሌላ ምክንያት አይመረምርም።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው የተወደደ ሲመስለው ደግ ይሆናል። ማንጎ መርጦ ያመጣልኛል፤ በበሽተኛ ፊት አይቆጣኝም፤ ማታ ማታ በወንዙ ዳር ሸኝቶኝ ይመለሳል። እኔስ? እኔማ የገዛ ልቤን ማመን አቃተኝ። ክኒኗን በዋጥኩ ጊዜ ልቤ ለአሥራትም፣ ለዘበኛውም፣ በር ላይ ለቆመችው ፍየልም እኩል ይደልቅ ነበር። በዚህ ልብ ማን ይዳኛል?

በጋ ሲገባ ደረቴ ቀለል አለኝና ክኒኗን ተውኩ። ልቤ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን እሱ ተቀምጦ አገኘሁት። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለማንም አልነገርኩም።

ወዲያው አሥራትን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የሚያዛውር ትእዛዝ መጣ። ፋሻ ስጠቀልል መጥቶ “ከመሄዴ በፊት ወደ ቤተሰቦችሽ ሽማግሌ ልላክ?” አለኝ፤ እንደ ልማዱም የእጄን ትርታ ያዘ። እጄ ሞቃት ነበር። ጣቶቼ አልተንቀጠቀጡም። ትርታዬ እንደ ጤነኛ ሰው ትርታ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ለሌላ ወንድ ቢሆን አንገት መድፋት እሺ ማለት ነው፤ ለጤና መኮንን ግን ምልክት አይሆንም።

“ገባኝ” አለ፤ “ድሮ ነበር ማለት ነው።”

ምን ልበለው? የድሮው ሐሰት ነበር፣ እውነቱ የዛሬው ነው ልበል? ይህን ካልኩ ክኒኗ ትወጣለች፤ ክኒኗን ተከትሎ አስሜ፣ አስሜን ተከትለው እኅቶቼ። እወድሃለሁ የሚለው ቃል ደግሞ እንደ እኔ ካደገች ልጅ አፍ አይወጣም። እጄን ቀስ ብሎ አስቀመጠልኝ፤ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

በሚሄድበት ቀን አሪየት፣ ጽዳት ሠራተኛችን፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና “ሲስተር” አለችኝ፤ “አፍ የተሰጠሽ ቴርሞሜትር ለመያዝ ነው?”

ይህን ስትለኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሮጥኩ። ቆይ እስቲ፣ የአስም በሽተኛ በጋምቤላ ፀሐይ ትሮጣለች? ግማሽ መንገድ ላይ ደረቴ ተቆለፈ። ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ክኒኖች ያለ ውኃ ውጬ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ኤፌድሪን ደግሞ ሰው አውሮፕላን አመለጠው ብላ አትቸኩልም። ትንፋሼ ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ተነሥቼ ስደርስ አውሮፕላኑ ከባሮ ማዶ ብልጭ እያለ ነበር።

ማረፊያው ሸኚና ተመልካች ሞልቶታል። ልቤ ይጋልባል፤ ፊቴ አመድ መስሏል፤ ሁለመናዬ ይንቀጠቀጣል። ሊደግፈኝ የመጣው የማረፊያው ሠራተኛ ግርማ ነበር፤ መንገደኛና ሻንጣ የሚመዝነው። “ማንን ፈልገሽ ነው?” አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የወንድ ስም እንዴት ልጥራ? የክትባት ሣጥን መጥቶ እንደሆነ ልጠይቅህ ነው አልኩት። “ለክትባት ሣጥን እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው አላየሁም” አለ፤ ቀና ብሎም ወደ ተመልካቹ አየ። ተመልካቹም እርስ በርሱ ተያየ። እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ለግርማ ብዬ እንደሮጥኩ አወቀ።

ግርማ ሽማግሌ ላከ። አባቴ፣ ደመወዝተኛ ነው፣ ጨዋ ነው አለ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ያለች ሙሽራ ደግሞ እንደተስማማች ይቆጠራል። እኅቶቼም በጊዜያቸው ተዳሩ። ስለ አሥራት ዳግመኛ አልሰማሁም።

ግርማ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ማልቀሻ ምክንያት ባገኘሁ። በቅርቡ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሲከነክነው የኖረ ነገር እንዳለ ነገረኝ። ያኔ ጎሬ ላይ የሚወዳት ልጅ ነበረችው፤ ሽማግሌም ተመርጦ ነበር። “ግን ያን ቀን ሰው ሁሉ አይቶሽ ነበር” አለኝ። “ለእኔ ብለሽ እንደዚያ ሆነሽ መጥተሽ እንዴት ላሳፍርሽ? ተውኳት።” ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ውለታውን እንዳውቅለት ጠበቀኝ።

እኔም ምን ላድርግ፣ አመሰገንኩት።