ለጨረር የተሰለፈ ኮሶ

[ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ ቤቶች በአንዱ። ሃምሳ አለቃ ወልደሥላሴ ኮሶ ከታየበት ሰነባብቷል፤ ጥሬ ሥጋውን ግን አልተወም። ሚስቱ ተናኘወርቅ ሲከሳ እያየች አንጀቷ አልችል ብሏል። የወታደር ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታለች።]

ወልደሥላሴ፦ አዝራሮቹን በጥሺያቸው አልኩሽ።

ተናኘወርቅ፦ ደህናውን ኮት ለምን አበላሸዋለሁ?

ወልደሥላሴ፦ መዳብ ናቸዋ። ነገ ሆስፒታል የሚያበሩብኝ የራጅ ጨረር መዳብ አያልፍም።

ተናኘወርቅ፦ ኮቱን አውልቀህ ብትቆምስ?

ወልደሥላሴ፦ [ጥቂት አስቦ] ሃምሳ አለቃ በሰው ፊት ኮቱን አያወልቅም።

ተናኘወርቅ፦ እሺ፣ ጨረሩ ገብቶ ትሉን ምን ያደርገዋል?

ወልደሥላሴ፦ ያቃጥለዋል።

ተናኘወርቅ፦ አንጀትህንስ?

ወልደሥላሴ፦ አንጀቴ የሰው ነው። ጨረር ሰውና ትል ይለያል። ፈረንጆች እያጠኑት ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ተናኘወርቅ፦ እያጠኑት ከሆነማ ገና አላወቁትም።

ወልደሥላሴ፦ እነሱ ባያውቁ እኔ አውቄዋለሁ።

ተናኘወርቅ፦ ኮሶ ጠጥተህ ብትገላገል ምን አለ?

ወልደሥላሴ፦ ሰው ጨረቃን በረገጠበት ዘመን እኔ ኮሶ ልጋት? ሞቼ ነው።

ተናኘወርቅ፦ [ኮቱን እያጠፈች] ለራጅ የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ የሚጠጣው ነገር አለ አሉ። ለጨረሩ መንገድ የሚጠርግ።

ወልደሥላሴ፦ እሱንማ ልነግርሽ ነበር።

ተናኘወርቅ፦ ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ ነው አሉ።

[በማግስቱ ጎህ ሲቀድ። ጣሳ ሙሉ ታቀብለዋለች። አንዴ ሲጎነጭ ፊቱ ይጨማደዳል።]

ወልደሥላሴ፦ ይመራል።

ተናኘወርቅ፦ እንደ ኮሶ?

ወልደሥላሴ፦ ምን አገናኘው። የኮሶ ምሬት ያልተማረ ምሬት ነው። ይሄ የሳይንስ ነው፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል።

ተናኘወርቅ፦ እንግዲያው ጨልጠው።

[ጨልጦ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ገርጥቶ፣ ግን ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል።]

ወልደሥላሴ፦ ናጋ፣ ሰላም ነሽ፣ ተናኜ? ወጣ። ከነራሱ ወጣ።

ተናኘወርቅ፦ እሰይ። ብዙ አበሩብህ?

ወልደሥላሴ፦ ጭራሽ አላበሩም። የመብራቱ ሞተር ናፍጣ ጨርሶ ቆሟል። ገና ወረፋ ስጠብቅ ነው ሆዴን ያጣደፈኝ።

ተናኘወርቅ፦ ታዲያ ትሉን ምን ገደለው?

ወልደሥላሴ፦ ትናንት ካበሩት ጨረር ክፍሉ ውስጥ የተረፈው ነዋ። ትርፍራፊው ይህን ከሠራ ሙሉውን አስቢው።

ተናኘወርቅ፦ [ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና] ዋናው መዳንህ ነው። ለሰው ግን አታውራ።

ወልደሥላሴ፦ አውርቼ ጨረስኩ። ለካ ሻምበሉም ኮሶ ታይቶባቸዋል። ነገ ጠዋት የሻምበሉ ጦር በሙሉ ለጨረር ይሰለፋል።

ተናኘወርቅ፦ ካልወጣላቸውስ?

ወልደሥላሴ፦ «ካልወጣልኝ እስር ቤት ነህ» ብለውኛል። ግን ይወጣል።

[ተናኘወርቅ ሳቋ ይጠፋል። ተነስታ ትልቁን ጋን ከጥግ ትጎትታለች።]

ተናኘወርቅ፦ በል፣ ሁሉም ጎህ ሳይቀድ መጀመሪያ እዚህ ይምጡ።

ወልደሥላሴ፦ እዚህ ምን ሊያደርጉ?

ተናኘወርቅ፦ መንገድ መጥረጊያውን ሊጠጡ።

ወልደሥላሴ፦ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ የሳይንስ መድኃኒት ከየት ይመጣል?

ተናኘወርቅ፦ ከወደራ ገበያ ያስመጣሁት ሞልቷል። አበባው ቀይ ነው፤ ተወቅጦ ነው የሚጠጣው።

[ወልደሥላሴ የጣሳውን አተላ አሽትቶ ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል።]

ወልደሥላሴ፦ ተናኜ።

ተናኘወርቅ፦ አቤት።

ወልደሥላሴ፦ ዘነዘናውን አቀብዪኝ።