ማዕዘናሟ መኪና በሶዶ ሕዝብ ፊት

ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲጠይቁት ያመነታል፤ የማያውቀውን ሲጠይቁት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይህ የአዳም ልጅ ሁሉ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ በወላይታ ሶዶ ግን ከጠባይነት አልፎ መደበኛ ሥራ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ጎረቤትዎ ግድግዳው ተሰንጥቆ «ምን ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ድንገት ቀጠሮ ያለበት ሆኖ ይገኛል። መልሱ አካፋ ያስይዛላ! ግድግዳውን አድሶ አረንጓዴ የቀባው ዕለት ግን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «ምነው ሰማያዊ ባደረከው» ሳይል አያልፍም። አስተያየት ማለት እንግዲህ አካፋ የማያስይዝ እርዳታ ነው።

እኔም የዚሁ ሕዝብ አካል ነኝ፤ አልክድም። ልዩነቴ አስተያየቴን ቆሜ፣ ካፖርቴን ቆልፌ፣ በተሟላ ዓረፍተ ነገር መስጠቴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቅሁት፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሲያልፍ ሕዝብ ከመቀመጫው በሚነሣበት ዘመን ነው። ስለ ካፖርቴ ካነሣሁ አይቀር፣ ክረምት ከበጋ የማላወልቀው ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነው። ያለ እርሱ ያየችኝ ባለቤቴ ብቻ ናት፤ እርሷም እስካሁን ለማንም አልተናገረችም። አንገቴም እንደ ካፖርቴ ኮሌታ ቀጥ ያለ ነው። ሰላም ለሚለኝ ሰው ቅንድቤን በመጠኑ ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ። ራስ መነቅነቅ የእንሽላሊት ሥራ ነው፤ እንሽላሊትም ስትነቀንቅ ውላ አንድም ቀን ስትከበር አላየሁም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የልጄ የአስቴር ባል ጌታሁን፣ ከአዲስ አበባ አንዲት በኤሌክትሪክ የምትሄድ ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። መኪና መግዛቱ መልካም። ነገር ግን ምን ዓይነት መኪና? የሠራት ሰው ማስመሪያ እንጂ ኮምፓስ አልነበረውም። ከአፍንጫዋ እስከ አናቷ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ትወጣለች፤ ከአናቷ እስከ ጭራዋ በሌላ ቀጥተኛ መስመር ትወርዳለች። ቀለም የሚባል አልነካትም፤ መላ አካላቷ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያብረቀርቅ እርቃን ብረት ነው። እንደ ሌሎች መኪኖች ሁለት ዓይን የላትም፤ ግንባሯ ላይ ዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መብራት ተጋድሞባታል። ቤንዚን አትጠጣ፣ ናፍጣ አታሸት፤ ማታ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ትሰካለች፣ ጠዋት ኮሽታ ሳታሰማ ትወጣለች።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ የባጃጅ ነጂ «ካርቶኗን የምታነሡላት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አቮካዶ የምትሸጠው ሴትዮ ቀረብ ብላ አየቻትና «ውይ! ሳትበስል ነው የለቀሟት» ስትል አዘነችላት። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ኖኅ መርከቡን ሲጀምር አበላሽቶ የጣለው ቁራጭ እንዲህ ሳይመስል እንደማይቀር በጥንቃቄ ተናገሩ።

የወላይታ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ፍጥረት የሚመዝነው በሰንጋ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ጩፋሞ መጥቶ ዳሌዋን መታ መታ አደረገ፤ አጎንብሶ ሆዷን አየ፤ ወደ ትከሻዋ ዞሮም ሻኛ ፈለገ። «ሻኛ የላት፣ ታናሽ ታላቅ የሚባል ሥጋ የላት፤ አጥንት ብቻ ናት!» ብሎ እጁን ጠረገ። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ያለው አቶ ክፍሌ በምርኩዙ እየተመራ ተሻገረ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ያቋቋሙትን መደብር የወረሰ፣ ጨዋ ነጋዴ ነው። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ብረትን የሚያውቀው በጆሮው ነው። በጣቱ አንጓ አንኳኳ፣ አዳመጠ፣ «ብረቱ እውነተኛ ነው» ሲል ፈረደ፤ «ቅርጿ ግን በጣሪያ ክዳን ሂሳብ ነው የተቆረጠው። ዝናብ አይቋጥርባትም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የሕዝቡ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ምን ላድርግ? ታላቅ ሰው በታላቅ ጉዳይ ላይ ዝም ሊል ነውን? ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እኔ አንጁሎ፣ በሕይወቴ እያለሁ በዚህች ሳጥን ውስጥ አልቀመጥም» አልሁ። ጭብጨባ ቀረሽ አድናቆት ነበር። በማግስቱ ጠዋት አስቴር ደወለች፤ «አባዬ፣ የሰደቡት መኪናዋን ነው ወይስ ባሌን?» አለችኝ። መኪናዋን ብቻ እንደሆነ፣ የገዛት ሰው እኔም አለሁበት ካለ ግን እንደማልከለክለው ገለጽሁላት። ስልኩን ዘጋችው።

አሁን ጊፋታ ቀረበ። ጊፋታ የእኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ ሰፈራችን ተሰባስቦ አንድ ሰንጋ ያርዳል፤ ሥጋውን ይከፋፈላል፤ ጥሬውን ዳጣ በሚባለው በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ እያጠቀሰ ዓመቱን ይቀበላል። ሰንጋውን የመምረጥ ሹመት ደግሞ የኔ ነው። ሆኖም የዓምናው በሬ ላይ የሰፈሩ ጥርስ ተፈትኖ በሙሉ ወድቆ ነበር። ከዚያ ጀምሮ «ሹመቱ ለጩፋሞ ቢሰጥስ?» የሚል ሹክሹክታ ወደ ጆሮዬ ይደርስ ነበር። ዘንድሮ ከተሳሳትሁ፣ ከእንግዲህ ከሰፈሩ ጋር ሥጋ እንጂ ሥልጣን አልካፈልም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዴሳ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ባሳ የተባለ ገበሬ ዘንድ አንድ ቀይ ሰንጋ አገኘሁ። ባሳ እንደ ልጅ እያጎረሰ ያደለበው፣ ሻኛው ወደ ጎን የተኛ፣ አረማመዱ ዳኛ የሚመስል ፍጥረት ነው። በዋዜማው ከበዴሳ ገበያ ልረከበው ተስማማን። ባሳ ታዲያ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ሌላ ሰፈርም ዓይኑን ጥሎበታል፤ ያን ዕለት ካልመጣሁ ይሰጣቸዋል።

ለዋዜማው አንድ ቀን ሲቀረው ግን በከተማው ናፍጣ ጠፋ። አይሱዙዎቹ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው፣ ሾፌሮቹ ከጎማ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። በሬው በእግሩ ይምጣ እንዳይባል፣ ታስሮ የተቀለበ ሰንጋ ያን መንገድ ቢጓዝ ሶዶ የሚደርሰው ቆዳው ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ቤቴ መጥተው ተቀመጡ። ሁሉም በመስኮቱ በኩል ወደ ልጄ ቤት አቅጣጫ ያያል። በከተማው ናፍጣ የማትፈልግ አንዲት መኪና ብቻ እንደነበረች የሚያውቀው እኔ ብቻ አልነበርሁምና።

በአስቴር በኩል ላክሁ። የጌታሁን መልስ ማር የተቀባ ነበር፤ «ለአባባ መኪናዋም እኔም እንታዘዛለን። ከፊት ወንበር አጠገቤ ከተቀመጡልኝ ደስታዬ ወደር የለውም።» ትሕትና ሲሳል ቢላዋ እንደሚሆን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እሺ አልሁ። ብቻ በማግስቱ ሰው ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ እንድንነሣ አሳሰብሁ፤ ለበሬው ጤና ስል።

ስለ ወንበሩ እውነቱን ልመስክር፤ ከቤቴ ሶፋ ይበልጣል። ይህን ለጌታሁን አልነገርሁትም፤ እናንተም አትነግሩትም። ስለ መኪናዋ ዝምታ ግን አንድ የምለው አለኝ። የሚያጓራ መኪና ጌታውን ከሐሜት ይጠብቃል፤ ሰው ከሩቅ ሰምቶ ወሬውን ይለውጣል። ይህቺ ግን ድምፅ የላትም። ከከተማው መውጫ ላይ አህዮች መንገዱን ዘግተውብን ቆምን። ከፊታችን ሁለት የሰፈራችን ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ሚኒባስ ይጠብቃሉ። መምጣታችንን አልሰሙም፤ እኛ ግን እነርሱን ሰማን።

«ጋሼ አንጁሎ ዛሬ ይገባባታል ትላለህ?» አለ አንደኛው።

«ሥጋ ካለበት የማይገባ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?»

«አይ፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው። አንገቱን አጥፈው ካላስገቡት አያልፍም!»

ጌታሁን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ፊት ብቻ ያያል። እኔስ? የጫማዬ ክር የተፈታ መስሎኝ ጎንበስ አልሁ። አህዮቹ መንገድ እስኪለቁ ድረስም ክሩን በጥንቃቄ አሰርሁ። ጫማዬ ክር የለውም።

በዴሳ ስንደርስ የገበያው ሰው የከብት ዋጋውን ትቶ ከበበን። የዚያ ሕዝብ አስተያየት ከሶዶው የተለየ ስላልነበረ አልደግመውም። ጌታሁን መኪናዋን እንደ ሙሽራ አጥቦ፣ ወልውሎ ነው ያመጣት። ሰንጋው እየተጎማለለ መጣ። ከጎኗ ሲደርስ ቆመ። ለካ በዚያ በተወለወለ ብረት ውስጥ አንድ ቀይ፣ ቀንዳም፣ ሻኛው ወደ ጎን የተኛ በሬ ቆሞ ዓይን ለዓይን ያየዋል! ባሳ ገመዱን ሳብ ከማድረጉ በፊት ሰንጋው ራሱን ዝቅ አደረገ፣ አፈር ጫረ፣ ገባበት።

ድምፁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። በሩ ላይ ጣባ የሚያህል ጎድጓዳ ተቀመጠ። ሁላችንም ስንት ቀን ሙሉ በአፋችን ስንናገር ከርመናል፤ አስተያየቱን በሙሉ ጭንቅላቱ የሰጠ ግን እርሱ ብቻ ነው። ጌታሁን ጎድጓዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከቁስሉ አጠገብ ቆሜ ልስቅ ከጅሎኝ ነበር፤ የልጄ ባል እንባ እንደቋጠረ ሳይ ግን ሳቄ ተመልሶ ገባ።

ሰንጋው ከእንግዲህ ወደዚያች መኪና ለጦርነት ካልሆነ በቀር አልሄድም አለ። ገፋነው፣ ለመንነው፣ ሳር አሳየነው። ፀሐይ ዘቀዘቀች። የሌላው ሰፈር ሰዎች ጥግ ላይ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ባሳ፣ «ዓይኑን መሸፈን ነው መፍትሔው» አለ፤ «ወፍራም ነገር ይፈልጋል። ሰፋ ያለ።» ገበያው በሙሉ ካፖርቴን አየ።

ስለ ሰው ክብር ብዙ ተጽፏል፤ ከሱፍ ስለተሠራው ክብር ግን ማንም አልጻፈም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። በአደባባይ፣ በሸሚዝና በሱሪ ማንጠልጠያ ቀረሁ። ካፖርቴ በበሬው ራስ ላይ ተጣለ። በሬውም እንደ በግ ተለምኖ፣ እንደ ሙሽራ ተደግፎ መኪናዋ ላይ ወጣ። ከወጣ በኋላ ባሳ መተንፈስ እንዲችል ካፖርቱን ከዓይኑ ላይ ወደ ኋላ ገፍቶ ትከሻው ላይ አለበሰውና፣ እንዳይወድቅ ከአንገቱ በታች ቆለፈለት። ልኩ ነበር፤ ምን ልበል?

ሶዶ የገባነው ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር ነው። እኔ ከፊት ወንበር በሸሚዜ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ አየኝ፤ ማንም አላወቀኝም። ያለ ካፖርት አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች እንዴት ይወቁኝ?

በማግስቱ ሰንጋው ታረደ። ጩፋሞ ራሱ የመጀመሪያውን ጉርሻ አኝኮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሹመቴም ጸና። ሕዝቡ ከሥጋው ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ ሥጋው እየተመላለሰ ጎድጓዳውን ሲመረምር ዋለ። ከመላ አካላቷ የመጀመሪያው ክብ ነገር እርሱ ነበርና፣ «አሁን ገና መኪና መሰለች» የሚለው አስተያየት ድምፅ ሳይከፋፈል አለፈ። ጌታሁንም ላያስጠግነው ወስኗል አሉ።

በዚህ መሐል አቶ ክፍሌ በምርኩዙ እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን ያዘ።

«ጋሼ አንጁሎ፣ ትናንት ኮራሁብዎ» አለኝ። «ሰው ሁሉ ‹ይቀመጥባታል› ሲል እኔ ብቻ ‹አይቀመጡም› ብዬ ተከራክሬ ነበር። እንደ ቃልዎ አልተቀመጡም! ካፖርትዎን ቆልፈው፣ ደረትዎን ነፍተው፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆመው ሲያልፉ በዚህ በደከመ ዓይኔ አየሁዎ። ተነሥቼ ባርኔጣዬን ባነሣ፣ እርስዎም ራስዎን ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርገው እጅ ነሡኝ። ጎረቤት ሆነን ስንኖር እንዲህ አክብረውኝ አያውቁም።»

ጌታሁን የጎረሰው ትን አለው። እኔ ምን ልበል? «ሰላምታዎን የመለሰልዎ ይኸው በሳህንዎ ላይ ያለው ነው» ልበለውን? የተማረ ሰው እውነትን ማክበር አለበት፤ ሽማግሌን ማክበርም አለበት፤ ሁለቱ ሲጋጩ ዳጣውን ማቀበል ይሻላል። «የሚገባዎት ነው» አልሁና አቀበልሁት።

ከዚያ ወዲህ በመደብሩ ደጅ ባለፍሁ ቁጥር ቆም ብዬ ራሴን ሁለት ጊዜ ዝቅ አደርጋለሁ። አንገቴ መጀመሪያ ላይ አምጾ ነበር፤ አሁን ለምዷል። አቶ ክፍሌ ግን ጥቂት ቅሬታ እንዳለው ሰማሁ። «ደህና ነው፣ ይሞክራሉ» ይላል አሉ፤ «ብቻ እንደዚያን ዕለቱ ከልብ አይደለም።»