በአብላጫ ድምፅ የተሳለች ከተማ

ከተማ ታሪክ የሚኖራት ሰው ሲለቅቃት ነው። ነዋሪዋ ውስጧ እያለ ያላት ነገር አቧራ፣ ሙቀትና የውሃ ወረፋ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ቅርስ ብሎ አይጠራውም። አንድ ቀን ሰዉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ግን ያ ሲሰለቸው የኖረ የወደብ አጥር በአንድ ጊዜ «ታሪካዊ አጥር» ይሆናል። እኛ በዳላስና በዙሪያዋ የምንኖር የአሰብ ልጆች ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን። ባሕር ለማየት ግማሽ ቀን መንዳት አለብን፤ ሆኖም ሰባት አባላት ያሉት የባሕር ዳርቻ ቅርስ ኮሚቴ አለን። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከባሕር የራቀ ሰው ስለ ባሕር ያለ አድልዎ ይፈርዳል ብዬ ስለማምን ሹመቱን ሳላንገራግር ተቀብያለሁ።

ዘንድሮ ለዓመታዊው መገናኛ ቀናችን የድሮዋን ከተማ ካርታ ለመሥራት ተነሣን። በትልቅ ባነር ታትሞ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል። «ኢንተርኔት ላይ አታገኙትም ወይ?» እንዳትሉኝ፤ እዚያ ያለችው የዛሬዋ ናት፣ እኛ የፈለግነው የኛይቱን ነው። ስለዚህ ጋርላንድ በምትባለው የዳላስ ጎረቤት ከተማ፣ ሊቀመንበራችን በሚኖርበት አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ ተሰብስበን፣ ነጭ ወረቀት ዘርግተን፣ እያንዳንዱን ቦታ ከትዝታችን እየመዘዝን አሰፈርን። ትዝታ ከትዝታ ሲጣላስ? እንደ ማንኛውም ሥልጡን ማኅበር እጅ አወጣን። የመርከብ መብራት ማማው በአምስት ለሁለት ወደ ሰሜን ተዛወረ። ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር በአንድ ድምፅ ልዩነት ከመንገዱ ወዲህ ቀረ። ስድስታችን ያደግንበት ቤት ባሕሩ ዳር እንደነበረ ስላጸደቅን፣ ስድስት ቤት እንዲበቃው ባሕሩን መለጠጥ ግድ ሆነ። ባሕሩ አልተቃወመም።

ሰባተኛው አባል ጋሽ ተሰማ ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ወደቡ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ጎልምሰዋል። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ከዋሉ በኋላ፣ «መቃብሩስ?» አሉ።

ሊቀመንበራችን ሙሉጌታ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ስብሰባ ሲመራ ግን ሚኒስትር የሚያክል ሰው ነው። ማርከሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሰው ጥብሱን እየበላ መቃብር ይመልከት? ማለቴ፣ ፓርቲ እኮ ነው! ደሞ እዚያ ጥግ ላይ ለስፖንሰሩ የማስታወቂያ ቦታ ፕሮሚስ አድርገናል።»

ስፖንሰራችን ለሰው የግብር ሒሳብ የሚሠራ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

«ለኔ ጠባብ ትበቃኛለች፤ አንዲት መስቀል» አሉ ጋሽ ተሰማ።

እጅ ወጣ። ስድስት ለአንድ። ከስድስቱ አንዱ የእኔ እጅ ነው፤ ጸሐፊ ከብዙኃኑ ሲለይ ቃለ ጉባኤው አያምርም።

«እዚያ ልጄ አለች» አሉ እጃቸውን ሳያወርዱ። «አራት ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ነው የወሰዳት። የወጣነው በጥድፊያ ስለሆነ ደርሼ አልተሰናበትኳትም። ፎቶ እንኳ የላትም።»

ሙሉጌታ ጫማውን ያይ ጀመር። ቀጥሎ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም የሚጠበቅብኝን አደረግሁ። ደንቡን ገልጬ፣ ድምፅ የተሰጠበት ጉዳይ በዚያው ስብሰባ ዳግም እንደማይነሣ አነበብኩላቸው። ጥርት አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ለካ ልጃቸው ቤቲ በሩ ላይ ቆማለች። እዚሁ የተወለደች፣ ዴንተን ከተማ በነርስነት የምትሠራ ናት፤ አባቷን ፒክ ልታደርግ መጥታ ነው። ከአማርኛችን ግማሹ ያመልጣታል። ይሄኛው አላመለጣትም።

«አባ፣ ዌይት። የማን ልጅ?»

«የእኔና የእናትሽ። ሰናይት ትባላለች። ታላቅሽ ናት።»

«እህት አለኝ? ለምን አልነገራችሁኝ?»

«እናትሽ ስሟን መስማት አትችልም ነበር። በኋላ ደግሞ አንቺ አደግሽ።»

ቤቲ ደንባችንን አታውቅም። ማርከሩን ከሙሉጌታ ፊት ብድግ አድርጋ ከፈተችው። «ኦኬ። የት ጋ ነው? አሳየኝ» አለች። ማንም ሊከለክላት አልደፈረም።

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አድርገው ጎነበሱ። ጣታቸው ከወደቡ በር ተነሣች፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ተመልሳ እንደገና ከበሩ ተነሣች። በሦስተኛው ቀና አሉ።

«ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት መንገድ ነበር» አሉ። «በእናንተ መንገድ ግን ሄጄ አልደርስባትም።»

ቤቲ የተከፈተውን ማርከር ይዛ፣ ወረቀቱን እያየች ቆማ ቀረች።

ጸሐፊ በሁኔታ አይረበሽም። «የመቃብሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩና ቃለ ጉባኤውን አዞርኩ። ያኔ ሰማንያ አራት ይሆናቸዋል፤ አጀንዳ እንደሆነ አያረጅም። ሁላችንም ፈረምን። ጋሽ ተሰማ ሥነ ሥርዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱ ሲደርሳቸው እስክሪብቶ ተቀብለው እሳቸውም ፈረሙ።