«ኩድ» ያመጣብን ጣጣ

እንግሊዝኛ ጨዋ ቋንቋ ነው የሚሉት በጨዋነቱ ሳቢያ እንጀራ ሊያመልጣቸው ያልደረሰ ሰዎች ናቸው። እኛ «ና» ካልን ና ነው፤ ከተጠራጠርንም «ይመጣ ይሆናል» ብለን እንገላገላለን። ፈረንጅ ግን ሲለምንም፣ ሲያዝም፣ ሲጠራጠርም ከግሡ ፊት አንዲት ቁራጭ ቃል ይደቅናል። ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት… የትኛዋ መቼ እንደምትከዳህ በምን ታውቃለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ባለቤቴ አስቴር የምትሠራበት ሱቅ ተዘግቶ ቤት ከዋለች ሰንብታለች። በእኔ ደመወዝ ብቻ ወሩ አልገፋ ብሎናል። በዚህ መሀል ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ጠራት። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። ታዲያ ማን ያስጠናት? እኔ ነኛ! በሰፈራችን በፉሪ ምድር ከእኔ ወዲያ ሰዋስው አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። «ካን» ማለት እችላለሁ፣ «ኩድ» ማለት ደግሞ ድሮ እችል ነበር ማለት ነው ብዬ አስረግጬ ነገርኳት። እሷም ሽንኩርት እየላጠች በቃሏ ያዘችው።

በቀኑ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ «ኩድ ዩ ወርክ ኦን ሰንደይ?» ይላታል። እሁድ መሥራት ትችያለሽ ወይ ማለቱ ነው። አስቴር የገባት ግን «ድሮ ትችይ ነበር ወይ?» የሚል ነው። «የስ፣ ቢፎር ሜሬጅ» አለችው፤ ከማግባቴ በፊት! ሰውየው ግራ ገብቶት ሰኞ መጀመር ትችይ እንደሆነስ ብሎ በዚያችው በ«ኩድ» ጠየቃት። አዎ፣ ወጣት ሳለሁ እችል ነበር አለችዋ!

ልብ በሉ፣ ሰውየው ፈረንጅ አይደለም፤ እዚሁ ነፋስ ስልክ ተወልዶ ያደገ ነው። ሁለት አበሾች ፊት ለፊት ተቀምጠው በሰው ቋንቋ ሲጠፋፉ አያናድድም?

ሰውየው ብዕሩን ሲያስቀምጥ አስቴር ሥራው ከእጇ ሲወጣ ታያት። እንግሊዝኛውን እርግፍ አድርጋ ተወችና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እሁድ ትሠሪያለሽ ነው የሚሉኝ ወይስ ያለፈ ታሪኬን ነው የሚጠይቁኝ?» አለችው። ሰውየው ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ ማነው ቢላት፣ ሳታንገራግር አሳልፋ ሰጠችኝ።

ተቀጠረች። የምሥራቹን ስትነግረኝ የምስጋና ድርሻዬን ለመቀበል ደረቴን ነፋሁ። ሥራ አስኪያጁ ግልጽነቷን ወዶት፣ እንግሊዝኛውን እዚያው እናሠለጥንሻለን ብሏታል። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አደራ፣ ባለቤትሽ እንዳያግዝሽ።»